በጥዱና በአጥሩ መሃል

እኔ ዲሽ ሰቃይ ነኝ፤ መሰላል በጀርባ፣
ከሰው ጣሪያ ጣሪያ ስወጣ ስገባ
አሥራ ሁለት ክረምት ሆነኝ በዚህ ሥራ፣
የሰማዩን ማዕዘን ከወፍ ጋር ስጋራ።

ከኩዎፒዮ ወዲያ፣ ሐይቁን ተጠግቼ፣
በየካቲት ውርጭ ላይ መኪናዬን ነድቼ፣
ታውኖና ሄልቪ ዘንድ ደረስኩ ከረፋዱ፤
አንድ ቤት፣ ሁለት ሰው፣ ከፊት ለፊት ጥዱ።
የድሮው አንቴና በነፋስ ተሰብሮ
ቴሌቪዥኑ ዝም ብሏል ሦስት ሳምንት ተቆጥሮ።

«ዲሽ ነው የምፈልግ» አለኝ ታውኖ በቁጣ፣
«ከሰማይ የመጣ ከማንም አልመጣ።
የኬብል ቆፋሪ ግቢዬን አይርገጥ፤
ብቻ ሆኪ ልይበት፣ በረዶ ላይ ሲሮጥ።»

እውነቱን ነገርኩት ገበያዬን ትቼ፦
«ዲሽ ይታወራል በረዶ ሲሞላው።»
«እጠርገዋለሁ» አለ «መሰላል ወጥቼ።»
«በሰማንያ ዓመትህ!» ሳቀች ሄልቪ ከጓዳው።

ኮምፓሴን አወጣሁ፣ ወደ ደቡብ አየሁ፣
ሳተላይቱ ያለበትን በጣቴ ለየሁ።
እኛ ሰሜኖች ዘንድ ሳተላይት ዝቅ ይላል፣
እንደ ክረምት ፀሐይ አድማስ ላይ ይውላል፤
በእሱና በቤቱ፣ በመስመሩ መሃል
ጥዱ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«ዛፉ ካልወደቀ ዲሹ አያይም» አልኩኝ።
ሄልቪ ከጓዳው በር በዓይኗ ወጋችኝ።
ሳቋ የት እንደገባ! ጓንቷን አጠለቀች፣
ወጥታ ከጥዱ ሥር በረዶ ላይ ቆመች፤
«ስተክለው ጊዜ ከጉልበቴ አይበልጥም፤
ዛሬ ለሆኪ ብዬ መጋዝ አላስነካውም።»

«እንግዲያው ኬብል ነው» አልኩ ካርታ ዘርግቼ፣
ጓንቴን በጥርሴ አውልቄ፣ ንድፉን ተመልክቼ፤
«ዋናው ሳጥን ያለው ከጎረቤት ደጅ ነው፤
ሽቦው የሚመጣው በኦስሞ ግቢ ነው።»

ኦስሞ ስል፣ የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ተሰማኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሆኗል ቃል ካልተለዋወጡ፤
በአንድ ክንድ አጥር ነው እንዲህ የተቆራረጡ፤
አንዱ «ወደኔ ገፋ»፣ አንዱ «ወደኔ ገባ»፣
ቀያሹ ከሞተ ስንት አዲስ ዓመት ጠባ።

ታውኖ መጋዝ አመጣ። ሄልቪ አየችው። ተወው፤
ግድግዳ አስደግፎ ደጁ ላይ አቆመው።
ኋላ ወደኔ ዞሮ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
«ሂድ አንተ ጠይቀው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
እኔን ዲሽ ሰቃዩን፣ አንድ ሽበት የሌለኝ፣
ለአሥራ አንድ ዓመት ጠብ ሽማግሌ አረጉኝ።

ኦስሞ በሩን ከፈተ። ገና አፌን ሳልከፍት፦
«ታውኖ ሞተ?» አለኝ፤ ፊቱ አመድ ለበሰ።
«የለም፣ አንቴናው ነው፤ በነፋስ ፈረሰ።»
ቆየ። በሩን ይዞ ረጅም ተነፈሰ።
«ጆሮው ከብዷልና ድምፁን ያስጮኸዋል፤
የእሱ ቤት ዜና እኔ አልጋ ድረስ ይዘልቃል፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስረግመው ስተኛ፣
ዝም ቢል ነቃሁኝ እንደ ሌት ዘበኛ።
መስኮቱን እንዳላይ ጥዱ ከልሎታል፤
ተጣልቶ ሰው ደህንነት መጠየቅ ያሳፍራል።»

ወረቀቱን ስሰጠው ሳያነብ ፈረመ።
«ነገር ግን መሬቱ በውርጭ ታተመ፤
እስከ ግንቦት ድረስ አይነካው ቁፋሮ፤
ሽቦው በላይ ይለፍ፣ አጥሩ ላይ ታስሮ።»

ጥቁሩን ሽቦ ይዤ በበረዶው ሄድኩ፣
ከምሰሶ ምሰሶ በማሰሪያ አሰርኩ።
ኦስሞ በወዲያኛው፣ ታውኖ በወዲህኛው፤
ጥቅሉን ያዘ አንዱ፣ ችካል መታ ሌላው።
አንድ ቃል አልወጣም።
ብቻ አንዱ ሲያስል ሌላው ቀና ይላል።

ሲመሽ ስዕሉ መጣ። እኔ ዕቃ ሰበሰብኩ።
ከኬብል ኮሚሽን የለኝም፤ አልጠየቅኩ።
ያልተሸጠው ዲሽ መኪናዬ ጣሪያ ላይ
አፉን ከፍቶ ሄደ፣ በረዶ ሲቀበል ከሰማይ።
መስኮቴን ዘግቼ ዋናው መንገድ ስወጣ
የሆኪው ጩኸት ግን ከኋላዬ መጣ።

መጋዙ ያው ደጅ ነው፤ ጥርሱ ውርጭ ይዟል።