የዝግባው ሳንቃ

አዲስ ቅዳም መውጫ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣
ያባቴን ቤት ላፈርስ፣ ጠራሁ እንዳላማውን።
ቆርቆሮውን ሲያነሣ፣ ጭቃውን ሲያራግፍ፣
እንጨቱ ሲገለጥ፣ እንደ ዳዊት መጽሐፍ፣
በመጥረቢያው ጀርባ፣ መታ አድርጎ ሲያልፍ፣
ያነብልኝ ጀመር፣ ከመሠረት እስከ ጫፍ።

«ይኸ ምሰሶ ወይራ፣ ባያትህ ዘመን ነው፣
ባለርስት ቆርጦ፣ ሲሠራ እንዳሻው፤
ምስጥ ሞክሮት ነበር፣ ጥርሱ ነው ያነሰው።
ወራጁ የፈረንጅ ጥድ፣ የዘመቻ ልጅ ነው፣
በስንዴና በዘይት፣ ጋራ ያለበስነው፣
እንደ ሚሊሺያ ሰልፍ፣ መስመር ያስያዝነው፣
መንግሥት የወደቀ ለት፣ ባንድ ሌሊት የፈጀነው።
ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ፈቃድ የማይሻው፣
ከጓሮ ተነሥቶ፣ እርሻውን የወረሰው።»

ከዚያ ዝም አለ።
ከቆጡ በላይ፣ ጥላሸት ያለበሰው አንድ ሳንቃ ነበር።
በጥፍሩ ፋቀው። ቢጫው ወጣ።
ቀና ብሎ አየኝ፦
«ይኸስ ዝግባ ነው። የተቆረጠውም በክልከላው ጊዜ።»

አባቴ ቢያድግልኝ፣ ደን ጠባቂ ነበር፤
አዋጁን በቃሉ፣ ሰንበቴ ላይ ሲናገር፦
«ዝግባ የቆረጠ፣ ዋንዛና ኮሶ የነካ፣
በገዛ ማሳውም፣ የመንግሥት ነው ለካ!»

ሰዉ ሰማ። ካባቴ ይልቅ ገባው።
ሐምሌ ላይ፣ ከጤፉ መሀል፣
ገና ሁለት ቅጠል ያወጣውን፣ ስም ያልወጣለትን፣
በሁለት ጣት ነቅሎ፣ ከእንክርዳዱ ጋር ጣለው።
አድጎ የሰው የሚሆን ልጅ ማን ያጠባል?
አዋጁ ዛፉን ጠበቀ፣ ችግኙን ፈጀ፤
ያረጀው ወደቀ፣ ተተኪ ሳይበጅ።
እናቴም ነቅላለች፤
ባሏ ቢሮ ሲውል፣ ከጎመኗ ሥር፣
«አረም ነው» እያለች፣ ለማንም ሳትነግር።

እኔስ?
እኔ ዲከረንስ ተከልሁ። አራት ዓመት ጠብቄ ከሰል አደረግሁት።
ቆርቆሮው ከሱ ነው፤ የልጄ ኮሌጅም ከሱ።
ጎረቤቴ አየኝ፣ ጎረቤቱም እሱን አየ፣
እስከ ፋግታ ድረስ አገሩ አንድ ቅጠል ሆነ።
ኋላ በሽታ ሲገባ፣ አንዱ ሲዝግ ሁሉም ዛገ፤
መሀሉ ላይ ቆሞ «ከኔ አያልፍም» የሚል
ሌላ ዘር አልነበረም።

ዘንድሮ ችግኝ ጣቢያው ዝግባ በነጻ ይሰጣል።
መዝጋቢዋ ልጅ ጠየቀችኝ፦ ስም፣ ቀበሌ፣ የሚተከልበት ቦታ።
«ካደገ በኋላስ የማን ነው?» አልኋት።
ፎርሙን ገለበጠች። መልሳ ገለበጠች።
«እሱ የሚሞላበት ቦታ የለውም፣ ጋሼ።»

እንዳላማው ሳንቃውን ለአዲሱ በር አዋለው፤
ያባቴን ኃጢአት ይዤ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።
ችግኙ ከነላስቲኩ ከበሩ ሥር ቆሟል፤
ጠዋት ጠዋት ስወጣ ባይኔ እለካዋለሁ፦
ጉልበቴ ሊደርስ
አንድ ስንዝር ቀርቶታል።