የላስቲክ ቤት

ነጭ መረብ ተሸክሞ አዛናው ሱቄ ገባ፣
ማክሰኞ ነው፣ ገና ጠዋት፣ ሲንጀሬን ዘይት ሳጠባ።
«ደግሞ የማን ሠርግ ይሆን፣ ይህን ያህል ቬሎ?»
ስለው ስቄ፣ ክሩ ካፌ ቀረ ተንጠልጥሎ።
«ለቲማቲም ነው» አለኝ።
እሱ አልሳቀም።

አዛናውን አውቀዋለሁ፤ የውኃ ቆጣሪ ሲያነብ፣
ከአራዳ እስከ ማራኪ በር ለበር ሲል እንደ ንብ፣
ሃያ ስምንት ዓመት አርጅቷል።
ኋላ ኋላ ቆጣሪው ትንፋሽ ብቻ ቀረው፤
ቧንቧው ሲያፏጭ፣ ንፋስ ነበር ገፍቶ የሚያዞረው።
«ይቅር በሉኝ» ይለናል፣ «አየር ነው የቆጠርኩት»፤
ይህን ያህል ጸጸት እኔ በሌላ ሰው አላየሁት።

እኛ አዘዞ ውኃ በአሥራ አምስት ቀን ነው ወረፋው፤
ጀሪካን ነው በሌሊት ጎረቤቱን የሚያጋፋው።
በጥምቀት የፋሲል ገንዳ ሞልቶ፣ ዘለን ስንገባበት፣
ማታ ቤት ስንመለስ ፊት መታጠቢያ የጠፋበት
አገር ነው።
ክረምትማ ይዘንባል፤ አፈሩን ጭምር ጎትቶ፣
አንገረብን ይተወዋል በደለል ሆዱን ነፍቶ።

ሰፋሁለት። ባሕር ዛፍ አሥራ ሁለት ተከለ፣
ላስቲክ አለበሰውና መረቤን ከጎን ሰቀለ።
ሰው ሳቀ።
«ነገሥታት በኖራ፣ በድንጋይ በሠሩበት፣
አዛናው ላስቲክ ቤት ሠራ፣ ጡረታውን ጨረሰበት!»
«ሚስቱ አባራው ነው?» አለ አንዱ፤ ትርንጎ ሰማችና፣
«ሲደርስ ትገዛኛለህ» አለችው፣ ሳትል ቀና።

በሚያዝያ ንፋስ መጣ፤ ላስቲኩን ገሽልጦ
እስከ ጊዮርጊስ አጥር ድረስ ወሰደው አገላብጦ።
እውነት ልናገር፣ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበረ፤
የሳቅሁበት ነገር በሳቄ ልክ ቀረ።
ማታ ግን ቅዳጁን አቅፎ፣ እንደ ታመመ ልጅ፣
«ድርብ አድርገህ ስፋው» አለኝ፣ ቆሞ ከደጅ።

በወሩ ላየው ገባሁ፤ መነጽሬን ጉም ሸፈነው፤
ዓይኔ ሳይሆን አፍንጫዬ ነው
ቅጠሉን ቀድሞ ያየው።
ቀጭን ቱቦ ከበርሜሉ በየሥሩ ተዘርግቷል፤
ጠብ…
ጠብ…
ጠብታው እንደ እኔ ስፌት በልክ በልክ ይወጋል።
ትነቱም ከላስቲኩ ሆድ ተጠራቅሞ በንጋት፣
ተመልሶ ይወርዳል ከወጣበት ቅጠል አናት።
ከቱቦው ራስ አሮጌ ቆጣሪ አስሮበታል፤
ጎንበስ ብሎ አነበበልኝ፣ ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፦
«ስድስት ጀሪካን በቀን። ሜዳ ላይ ሃያም አይበቃው።
ይሄ አየር አይደለም፤ ና፣ እጅህን አስጠጋው።»

ሁሉም አልቀናውም። ቃሪያውን ነጭ ዝንብ ጨረሰበት፤
መረቡ ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፣ እኔ የረሳሁበት።
ቲማቲሙ ግን ቀላ፤ ገመዱን ጎተተው ክብደቱ፣
ጎረቤት ሲጠራ መጣ፣ ቅዳሜ በማለዳ ከነዘንቢል ከነእናቱ።
ለዚያ ለተሳለቀው ትርንጎ ሞልታ መዘነች፤
ምንም አላለችውም፤ አንድ ፍሬ መረቀች።

ትናንት ሱቄን ዘግቼ፣ ሜትሬን ካንገቴ ሳላወርድ፣
ጓሮዬ ገብቼ ቆምኩ፤ ጥራጊ ቆርቆሮ፣ የደረቀ ግንድ።
ተንበርክኬ ለካኋት፣ ወርዷን፣ ቁመቷን በጥንቃቄ፤
ዕድሜ ልኬን ሰው ስለካ መሬት ለክቼም አላውቄ!
ወገቧ ጠበብ ይላል፤ ትከሻዋም ድንጋያማ፤
ስንቱን ጎባጣ አልብሼ የለ፣ እሷን ብቻ ልማ?

ስድስት ክንድ በአራት።
መረብ ተርፎኛል።