ከብየዳ ቤቱ በላይ

ቱሉ ዲምቱን አልፈህ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ረዳቱ «መጨረሻ!» ብሎ ትከሻህን ሲነካህ፣ ከእንቅልፍህ ስትነቃ፣
ባለ አራት ፎቅ አለ፤ ግማሹ መስታወት፣ ግማሹ ብሎኬት፣
ከሥሩ ብየዳ፣ ከጎኑ የዶሮ መኖ መሸጫ ቤት።
እነሆ ዩኒቨርሲቲያችን፤
ወንድሜ «ስሙ ከሕንፃው ይረዝማል» እያለ የሚስቅብን።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነን፣ ጥበቃውን ሳንቆጥር።
ጋሽ ወርዶፋ ግን «እኔንም ቁጠሩኝ» ይላሉ፣ «ስድስት ዓመት በሩ ላይ ስማር!»

መምህር አንተነህ ስታትስቲክስ ሲጀምር
ታች ብረት ይቆረጣል፤ ጩኸቱ ደረጃውን ወጥቶ ከእኛ ጋር ይማር።
እሱ ጠመኔውን ይዞ ይጠብቃል፤
ብረቱ ሲያርፍ «አማካዩ…» ይላል፣
ብረቱ ሲነሣ ዝም ይላል።
ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የተማርነው፣
ግማሹን ከአፉ፣ ግማሹን ከዝምታው።

ቤተ መጻሕፍቱ አንዲት ክፍል ናት፤
ያለችውን የስታትስቲክስ መጽሐፍ ለሦስት ገንጥለው ጠርዘዋት፣
ምዕራፍ አንድ ሌንሴ ጋ፣ ምዕራፍ ዘጠኝ እኔ ጋ ሲያድር
መሐሉ ኮዬ ፈጬ፣ ይታገሡ ቤት፣ ውኃ በማይወጣበት ፎቅ ላይ ያድር ነበር።
ፈተና ሲደርስ
ሦስታችን ካልተገናኘን መጽሐፍ የለም፤ እንኳን ለማለፍ፣ ለመውደቅም አይደርስ።

ትልቅ ግቢ ቢሆን ሰው ይሰወራል በሰው ብዛት፤
እዚህ ባዶ ወንበር ያፈጣል፣ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተት።
ሳል የያዘኝ ለታ ሦስት ሰው ደወለ፤
አንዱ የሒሳብ ክፍሉ ነበር፣ «የዚህ ወር ክፍያ ቀርቶብሻል» እያለ።

እና ያ ሰኞ።
በሰሌዳው ላይ፣ ከጠፋ መታወቂያና ከሚከራይ ክፍል መሐል፣
አንዲት ወረቀት፦ «ለማስተርስ ትምህርት፣ ሙሉ ወጪው ተሸፍኖ፣ አንድ ተማሪ ይፈለጋል።»
አንድ።
ቁጥሩን በጣቴ ፈተግሁት፤ አልለቀቀም።
ኮሪደሩን አየሁ፤ ማንም የለም።
ስፒሉን ነቀልኩ። አጠፍኳት በአራት፤
ደብተሬ ውስጥ፣ በአማካይና በሥርጭት መካከል፣ ከተትኳት።

ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ሒሳብ!» ሲል ደነገጥኩ፤
ሃያ ብር ሰጥቼው፣ መልሴን ሳልቀበል ወረድኩ።

ሌሊቱን በስልኬ መብራት አነበብኳት፣ ሦስቴ፣ አራቴ።
ሌንሴ በነጥብ ሁለት ትበልጠኛለች፤ ያወቅሁት በገዛ ስሌቴ።
መሐል ላይ ደወለች፤ ስሟ ብርሃኑ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፣
አላነሣሁም። ስልኩን ገልብጬ በደረቱ አስተኛሁት።
«ናሙናው ትንሽ ሲሆን» ይላል መምህር አንተነህ፣ ብረቱ ፋታ ሲሰጠን፣
«አንዷ ብትጎድል ታዛባዋለች አማካዩን።»

ማክሰኞ፣ ገና ብየዳው ሳይጀምር፣
ወረቀቷን ጨብጬ፣ ደረጃውን በልቤ ስቆጥር፣
ደረስኩ። ቦታው ባዶ አይደለም።
በሰማያዊ እስክርቢቶ የተሞላች የደብተር ቅጠል፤ የሌንሴን ጅራታም «ረ» ማንም አይስተውም።
«ለማስተርስ ትምህርት…» ቃል በቃል፣ የመጨረሻው ቀን እንኳ ሳይቀር።
ያስጻፏት ጋሽ ወርዶፋ ናቸው፤ ቅዳሜና እሑድ ሌሊት
ሰሌዳውን በባትሪ ያነባሉ፣ ዓይናቸውን እንቅልፍ እንዳይደፍር።
ከግርጌ፣ ቦታ ስላነሳት ፊደሉን አጥብባ፦
«ውዴ ይህን ካላየች ንገሯት። ደውዬ አላነሣችም።»

ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።
ከዚያ የኔን ከአራት እጥፏ ፈትቼ፣ በመዳፌ ዳምጬ፣
ከሷ ጎን ሰካኋት፣ ያንኑ ስፒል መልሼ አጣብቄ ወግቼ።
ከኋላዬ ጋሽ ወርዶፋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ተመለሰች?» አሉ።
ወረቀቷን ይሁን እኔን፣ አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልቀጠሉ።

ሦስታችንም አመልክተናል። መልሱ ገና አልመጣም።
ምዕራፍ ዘጠኝ ተራው የሌንሴ ነው፤ ዛሬ እኔ ጋ አያድርም።