ለሦስት ይበቃል

ከአዌቱ ድልድይ ወረድ ሲሉ በስተቀኝ
የጋሽ ተማም እንጨት ቤት፣ እዚያ ነው የምገኝ።
ስሜ ረምዚ ነው። ዕድሜዬ ይለያያል፦
ለእናቴ አሥራ ሁለት፣
ለጋሽ ተማም አሥራ አምስት፣
ተቆጣጣሪ ሲመጣ አሥራ ስምንት ይሞላል።

መጋዙን አልነካም፤ በዚህ ሰው አላማም።
ሥራዬ ማለስለስ ነው።
የማውቀው ወረቀት የብርጭቆ ወረቀት፤
እኔ አልጽፍበትም፣ እሱ ይጽፍብኛል በአሥሩም ጣት።

ዘንድሮ ከጅሬን ትልቅ ትእዛዝ መጣ፦
ስልሳ የተማሪ ዴስክ፣ ክረምቱ ሳይወጣ።
አንዱ ዴስክ ለሦስት ልጅ፤ ስልሳው መቶ ሰማንያ።
ይህችን ማባዛት ነው ይዤ የወጣሁት ከሦስተኛ።
መቶ ሰማንያ ልጅ እንዳይወጋው ስንጥር
እኔ ቀድሜ ተወጋሁ፤
ማታ እናቴ በመርፌ ታወጣለች አንድ በአንድ ስትቆጥር።

አንድ ቅዳሜ ሰበሰቡን በቀበሌው አዳራሽ፤
ብስኩት አደሉን፣ ለሰው አንድ ቁራሽ።
«ስለ ልጆች ሥራ እናንተ ምን ትላላችሁ?»
ዝም። ማን ጠይቆን ያውቃል?

ነጁማ ተነሣች፣ ከኮቺ፣ በአክስቷ ቤት የምትሠራ፦
«አክስቴ ስታመጣኝ ‹አስተምራታለሁ› ብላ ነበር።
ዩኒፎርም አለኝ።
ከእህል ቤቱ በር ጀርባ ተሰቅሏል፤
አንዱን ኪስ አይጥ በልቶታል።»

አሸብር፣ የታክሲ ረዳት፣ ድምፁ የሻከረ፦
«ሂሳብ አትጠይቁኝ፤ መልስ ስሰጥ አልሳሳትም።
ማንበብ ነው ያስቸገረ።
ታፔላውን በቀለሙ ነው የማውቀው» አለና
«አጂፕ! አጂፕ!» ብሎ አሳቀን።

አንዲት ትንሽ፣ ሌሊት ፓስቲ የምትጠብስ፣ ቀስ ብላ፦
«እኔ እማራለሁ። ግን ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል።
መምህሯ ታዝንልኛለች፣ አትቀሰቅሰኝም።
አትቀስቅሺኝ አላልኳትም።»
ያኔ የሳቀ የለም።

የኔ ተራ ደረሰ፤
ብስኩቱ በኪሴ ውስጥ ፈረሰ።
«አትሥራ ብቻ አትበሉኝ።
አትሥራ ያለኝ ሰው የቤት ኪራይ አይከፍልም፤
እናቴ መርካቶ ጆንያ ስትሸከም ወገቧን አይደግፍም።
ማለዳዬን መልሱልኝ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት።
ከዚያ በኋላ መላጊያ እይዛለሁ፤ መያዝም እወዳለሁ።
ደግሞ ጋሽ ተማም ራሱ ነው ያስተማረኝ፦
‹እርጥብ ጣውላ አይቸኮልበትም፣
ጥላ ሥር ይቆይ፤ ያለዚያ ይጣመማል› ይላል።
እኔስ?»

ጻፉት። አጨበጨቡ።
ብስኩት ተጨመረ።

ሐሙስ ዕለት አይሱዙው ሞላ።
«አንተ ላይ ሁን፣ ገመዱን ያዝ» አሉኝ።
ገመዱን በእግሬ ረግጬ፣ እጆቼን አጣጥፌ፣
በዴስክ ተቀምጬ፣ በመርካቶ መሐል አልፌ
እስከ ጅሬን ዳገት ተማሪ ሆኜ ሄድኩ።
ነፋሱ አንድ ነገር የጠየቀ መሰለኝ፣
እጄን አወጣሁ።

አወረድን። ደረደርን።
ልጆቹ እየተጋፉ ገቡ፣ አዲስ ሽታ ሊያሸቱ።
ዘበኛው በሩ ላይ፦ «ጨረስክ አይደል? ውጣ በሉ።»
ወጣሁ። በመስኮት ግን አየሁ፦
የፊተኛው ዴስክ ላይ ሁለት ልጆች ብቻ፣
ቦርሳቸውን መሐል አስቀምጠው።

እኔ ነኝ የለካሁት።
ለሦስት ይበቃል።