ላንቃሞ አልተገኘም

ሰማያዊ በር ነው፤ አቶቴ፣ ከወፍጮው ወረድ ብሎ ያለ፤
ባጃጁ ሲያወርደኝ ሹፌሩ ዞሮ "አታንኳኪ" አለ።
"ብታንኳኪም ያው ነው፣ ካያሞ አይሰማም፤
አጥሩን ዝለዪና ግቢ፣ ማንም ሰው አያማም።"

ሃያ ስምንት ዓመት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
ማሽኑ ከጆሮው ላይ ክንድ ክንዱን ሲወስድ እየለካ፤
መጀመሪያ ወፉን፣ ቀጥሎ ዝናቡን፣ ኋላ የልጁን ስም፤
ጡረታ የወጣ ዕለት ከደብተሩ በቀር የሚያዋየው የለም።

የጠራችኝ ልጁ ናት፣ ምንታምር፤
አራት አምፖል፣ አንድ የበር ደወል ገዝታለች በብድር።
"አክስቴ ከይርጋለም መጥታ፣ በሩን ደብድባ ደብድባ፣
ዝናብ ጠግባ ሄደች" አለችኝ፣ "ሳትገባ።
እሱ ጓዳ ቆሮሶ ይጠብስ ነበር፣ ለእሷው፤
ሲመሽ በላው፣ ለብቻው።"

መሰላል ላይ ወጣሁ።
ተቆጣጣሪው ነጭ ነው፣ የልብስ ሳሙና የሚያህል፤
እንደ አውቶብስ ተቆጣጣሪ "ያልተሳፈረ ማነው?" ይላል፣
አረንጓዴ ዓይኑን እያርገበገበ።
አምፖሉ ስድስት ጊዜ በርቶ ስድስት ጊዜ ሲጠፋ
የፋብሪካ ትዝታውን ይረሳል፤
ያኔ እንደ አዲስ እንግዳ ለትውውቅ ይመቻል።

ስልኩ ስም ይጠይቃል። እኔ "ሳሎን" ብዬ ጻፍኩ።
ካያሞ ደብተሩን ሳበ፦ "ሳሎኑንማ እኔም አልሳትኩ።
ይልቅ ወርቅያንጥፉ በይው። ጓዳውን ተዋበች
(ክር ሲበጠስ ቀድማ የምትደርስ እሷ ነበረች)።
የበረንዳው ሳህሉ። የመኝታ ቤቱ ላንቃሞ።"
ፈረቃው ተሟላ፤ አለቃው ካያሞ።

ወርቅያንጥፉ ገባ። ተዋበች ገባች። ሳህሉም፣ እያንገራገረ።
ስልኩ ላይ ግን አንድ መስመር በቀይ ቀረ፦
ላንቃሞ አልተገኘም።

ፈታሁት፣ አጠበቅኩት፤ ስድስቴ አበራሁ፣ ስድስቴ አጠፋሁ፤
ተቆጣጣሪውን ወደ ኮሪደሩ አስጠጋሁ፤
ላንቃሞ አልተገኘም።

እያፈርኩ አሳየሁት። አነበበ። ትከሻው ተርገፈገፈ፤
አለቀሰ ብዬ ስደነግጥ ሳቅ ነው፤ ሳቁን ስለማይሰማው
አይመጥነውም፣ ጎረቤት ድረስ አለፈ።
ደብተሩ ላይ፦ "ላንቃሞ ሁሌም ፈረቃ ያረፍዳል፤
ስምንት ሰዓት ሲባል ዘጠኝ ላይ ይመጣል።"
ቆየት ብሎ ከሥሩ፣ በደቃቅ ፊደል፦
"የቀደመን አንድ ቀን ብቻ ነው። ታቦር ሥር ቀብረነዋል።"

ከዚያ መብራት ሄደ።

በኛ አገር መብራት ሰው ነው፤ ይሄዳል፣ ይመጣል፤
የት ዋልክ ብሎ ማን ይጠይቀዋል?
የተቆጣጣሪው ዓይን ፈሰሰ፤
ብልሁ ቤት ከሞኙ ቤት ጋር በጨለማ ተካከለ።
ሻማ ለኩሰን ተቀመጥን።
ካያሞ መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳረፈ፣ ጠበቀ፣ ጻፈ፦
"አባ ኮዳ ጣራው ላይ ነው።"
ጆሮዬን ባቆም እውነት ነው፤
ቆርቆሮው በዚያ ከባድ እርምጃ እየተንኳኳ።
እኔ ጆሮ ያለኝ እስኪነግረኝ አልሰማሁም ለካ።

መብራት ሲመጣ ወጥቼ የበሩን ደወል ተጫንኩ።
ቤቱ ሦስት ጊዜ ጠቀሰ፤ በመስኮቱ እኔም አየሁ።
በሩን በርግዶ ወጣና፣ ከጠዋት ጀምሮ አብሬው የዋልኩትን
ገና አሁን እንደ ደረስኩ አቅፎ ጉንጬን ሳመኝ።

የሰፈሩ ልጆች ነቁ፤ ተጭነው ይሮጣሉ።
እሱም ይወጣል፤ መንገዱ ባዶ ነው፤ ይገባል፤ ደግሞ ይጫናሉ።
"ገደብ ላብጅለት?" ብዬ ጻፍኩ።
"ተያቸው" አለ፣ "እህቴ በዝናብ የቆመችበትን ሰዓት
እየከፈልኩ ነው።"

ማታ አምስት ሰዓት ላይ ምንታምር ደወለች።
"የመኝታ ቤቱ በራ" አለች፣
"ማንም ሳይነካው።"
ምክንያቱን አውቀዋለሁ፦ ኃይሉ ሲረጋ፣ ሞገዱ ሲጠራ...
ልነግራት አፌን ከፍቼ፣ "ስንት ሰዓት ላይ በራ?"
"አሁን፣ አሁን ገና።"
"አርፍዷል በያ" አልኳት፣
"ለአባትሽ ንገሪው፤ ደብተሩ ላይ ይመዝግበው።"