ባለ ሁለት ዐይኑ አንበሳ

ጥላሸቱን ወቅጬ፣ ቀይ አፈሩን ነፍቼ፣
ከዘጌ ደብር ግድግዳ ሥር ሁለት ክረምት ተኝቼ፣
ለአለቃ ቢተው እጅ ቀለም አቀብል ነበር።
ያን ዓመት የጀመረው የሮም ወሬ ነበር፤
ሰማዕቱ በአደባባይ ለአንበሳ ሲጣል፣
ሹሙ ጥላ ሥር ሆኖ መሐረቡን ሲጥል።

«ስሙ እኮ ተጽፏል» አልሁት፣ «የዚህስ፣ የቅዱሱ፤
ግን ከሱ በፊት፣ በዚያው ቀን የተበሉት እነሱ?
የጠፋው ባሪያ፣ ሌባው፣ ያ የጦር ምርኮኛ፣
ማነው የሚዘክራቸው?»
                  ዝም አለ እንደተኛ።
ቆይቶ፦ «ቦታ ተውላቸው፤ ከጥግ፣ ከታች በኩል፤
ያልተቀባ ግድግዳም ይጠይቃል እኩል።»

አንድ ቀን በሞተር ጀልባ የመጣ እንግዳ ሰው
ፎቶግራፍ አሳየን፣ ከሊቢያ ያመጣው።
ከጥርስ ካነሱ ጠጠሮች የተነጠፈ ወለል፤
በትንሽ ጋሪ ላይ ቆሞ፣ ከምሰሶ ታስሮ ሰው፣
ነብር ደረቱ ላይ ወጥቶ ከጉንጩ ሲቀምሰው።
የአንድ ባለጸጋ የግብር አዳራሽ ነው አሉ፤
በሰውዬው ላይ ተራምደው ነው እንግዶች እራት የበሉ።

አለቃ ፎቶውን መለሰ። እጁን በነጠላው ጠረገ።
«እነሱ ከእግራቸው ሥር፤ እኛ ከፍ አድርገን፣
አንገታችን እስኪያመን ልናየው፣ ተገደን።»

ከዚያ የአንበሳው ዐይን ሆነ የሰፈሩ ሙግቱ።
ሕጉን ከሕፃን ጀምሮ ያውቃል ሁሉ በቤቱ፦
ጻድቅ በሙሉ ፊት ይሣላል፣ ዐይኖቹ ሁለት፤
ኃጥእ ግን በጎን ነው፤ አንድ ዐይን፣ ግማሽ ፊት።
መምሬ ልየው ገቡና፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣
«አንበሳው በጎን ይዙር፤ ጻድቅ አይደል የነከሰው?»
«አባቴ፣ ይኼ አንበሳ ከየት ነው የሄደ?
ምናልባት ከዚሁ ከዓባይ ግድም፣ በመረብ ተጠምዶ የወረደ፤
ሳጥን ውስጥ ባሕር ተሻግሮ፣ ስንት ሌሊት ጦም ያደረ፤
በሩን የከፈተው ሰው ነው። እሱ ምን ተማከረ?»
ብሎ ሁለት ዐይን አበጀለት፤ ክብ፣ ሰፊ፣ እንቅልፍ ያጣ፤
ከቅዱሱ ጋር አንድ ጥቁር፣ ከአንድ ጽዋ የወጣ።

መምሬ ልየው አጉረመረሙ፤ እኔ ግን አልሰማሁ፤
በሰኔ፣ ባሕር ዳር፣ ዳር ቆሜ ያየሁትን አየሁ።
ሙዘይን፣ የነገደ ወይጦው፣ በደንገል ታንኳው ሲያጠምድ፣
ግልገሏን የደበቀች ጉማሬ ተነሥታ፣ ታንኳው እንደ ጨርቅ ሲቀደድ፤
ሕዝቡ ከዳር ተሰበሰበ፤ ልጅ ትከሻ ላይ ተሰቅሎ፣
«አየኸው? ያው! ብቅ አለ!» ስልክ እንደ ጧፍ ከፍ ብሎ።
ሦስት ጀልባ ታስሮ ነበር፤ ገመዱን የፈታ የለም።
እኔም ሸንኮራ ይዤ ነበር። መምጠጥ አላቆምሁም።
ውሃው ሲረጋ ጉማሬዋ ልጇን ይዛ ሄደች፤
የሙዘይን ባርኔጣ ብቻ ማዕበሉ ላይ ቀረች።

ይህን ለአለቃ ነግሬው አላውቅም። ለማንም።
ግን በመጨረሻው ሳምንት፣ ተመልካቹን ሲሥል፣
ወንበር በወንበር፣ ረድፍ በረድፍ፣ ሁሉን በጎን ሲያቆም፣
አንድ ዐይን፣ አንድ ዐይን፣ አንድ ዐይን፣ እንደ ተበተነ ምስር፣
ከታችኛው ረድፍ ጫፍ ላይ፣ ጉንጩ ያበጠ ጎረምሳ፣
አረንጓዴ ዱላ ይዟል፤ አንገቱ ወደ አንበሳ።

«ምንድነው የያዘው?» አልሁት። «ሸንኮራ» አለ፤ ዞሮም አላየኝ።
«ሮም ሸንኮራ ነበር እንዴ?»
                  ብሩሹን አቀበለኝ።
«ዐይኑን አንተ ጨርሰው።» ከመሰላሉ ወረደ።

ከውጭ ጣና ድንጋዩን ይልሳል።
ጽዋው ውስጥ የቀረው ጥቁር ለአንድ ዐይን ይበቃል።
ለሁለት ከሆነ፣ ገና መውቀጥ አለብኝ።