አምስተኛው ጣት

አዌቱን ሳይሻገሩ፣ ከሄርማታ በታች፣
በአባ ዱራ ቪዲዮ ቤት ግድግዳ ላይ አንዲት ጉማሬ ነበረች፤
ሰማያዊ ግልገል፣ ሽፋሽፍቷ ረጅም፣ ጥርሷ ነጭ ወተት፣
ጢም ሳላወጣ ገና፣ በሁለት ጣሳ ቀለም፣ በዱቤ የሳልኳት።

ያኔ ፊልሙ ካርቱን ነው። ካሴቱ አርጅቶ፣
ልክ መሃሉ ሲደርስ ይንቀጠቀጥ ነበር ምስሉ ተበልቶ፤
ከውጭ የጅማ ዝናብ፣ ከውስጥ የስክሪን ዝናብ፣
በሁለቱ መሃል የግልገሏ እንባ
እንደ ብይ ድብልብል፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ።

እናቷን ጎርፍ ወስዶባት ቅንድቧ ሲሰበር፣
(ጉማሬ ቅንድብ የላትም፤ የዚያች ግን ነበር)
ቲኬት ቆራጩ ፈይሰል ከወንበር ላይ ቆሞ፣
እንግሊዝኛውን ትቶ፣ ከራሱ ሆድ ተርጉሞ፣
«ሃዳ ኮ! ሃዳ ኮ!» እያለ ሲጮኽላት፣
አግዳሚው በሙሉ ነፈረቀላት።
የቦንጋ አይሱዙ የሚነዳ ሹፌር፣ ሰፊ ትከሻ፣
ዓይኑን በቆቡ ጠርጎ «ጭስ ነው» አለ፤
ጭስ ግን አልነበረም በዚያ ማምሻ።

ዘንድሮ ታደሰ ተባለ። «እንግዲህ ሥዕል አይደለም፣
ጠጉሩ ጠጉር ነው፣ ቆዳው ቆዳ ነው፣ ልዩነት የለም!»
አባ ዱራ አልፈዋል። ልጃቸው ሙራድ ፕሮጀክተር አስገባ፣
ባነር አሳትሞ መጣና፣ አለኝ፦ «ግድግዳው ኖራ ይቀባ።»
ማን ይቀባ? እኔ።
ሦስት መቶ ብር ነው። ቀባሁ።
ከጆሮዋ ጀምሬ ወረድኩ፤ ዓይኗ ላይ ስደርስ ብሩሹን ደጋግሜ ነከርኩ፤
እግሯ ጋ ኖራው አለቀ፤ በውሃ አቀጠንኩ።

ቅዳሜ ልጄን ይዤ ገባሁ። ኢፍቱ ስድስት ዓመቷ ነው።
እውነት ለመናገር፣ ሥራው ሥራ ነው፤
ውሃው ውሃ ነው፣ ጭቃው ይሸታል ማለት ይቻላል፣
አፍንጫዋ ላይ ያለው ጭገር አንድ በአንድ ይቆጠራል።
ሙያ ነውና እግሯን አየሁ። ጣቷን ቆጠርኩ፤ አራት።
የእኔዋ አምስት ነበራት።
ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ሄርማታ መሃል፣ በአምስት ጣት ቆማ፣
አንድ ሰው አልነገረኝም፤ አቤት ጅማ!

ከዚያ ጎርፉ መጣ። እናቲቱ ሄደች።
ድምፅ አለቀሰ፤ ፊት ዝም፤ ግልገሏ እንደ ድንጋይ ቆማ አየች፤
አፏ ብቻ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ማጠፊያው እንደላላ በር፤
«አባ» አለችኝ ኢፍቱ፣ «ማነው ከኋላዋ ሆኖ የሚናገር?»
«እሷ ናት» አልኳት።
«እሷማ ገና አልሰማችም እኮ።»
ፈይሰል ትዝ አለኝ። አዳራሹ ንጹሕ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣
የሚጮኽላት የለም፤ የፈንዲሻ ድምፅ ብቻ።

በማግስቱ በባጃጅ ቦዬ ወረድን። ረግረጉ ዳር ተቀመጥን፣
ሁለት ጆሮ፣ ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ፤ እስኪመሽ ጠበቅን።
ማሳ የሚጠብቀው ነዚፍ፣ «ትናንት በቆሎዬን ጨረሰችው» አለ፣
እንደ ጎረቤት ወሬ፣ ቁጣም ፍቅርም ሳይኖረው።
ውሃው ተነፈሰ። አንድ ግዙፍ ጥቁር ነገር ወደ ሣሩ ወጣ።
አላየንም፤ እኛ ግን አየነው።
ጣቱን ልቁጠር ብል ጨለማው አልፈቀደ፣ ሣሩም ከለለው።
ኢፍቱ ክንዴን ይዛ፣ በሹክሹክታ፣ «አታወራም አይደል?»
«አታወራም።»
«እሺ» አለች። ደስ ያላት መሰለኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ሰኔ ገባ። የጅማ ዝናብ በር አያንኳኳም፤
ስስ ኖራ ደግሞ ሁለት ሳምንት አይሞላም።
ትናንት በዚያ ሳልፍ፣ ከሥር በኩል ተሸርሽሮ፣
ሰማያዊ ነገር ብቅ ብሏል ነጩን ሰርስሮ፤
ዓይኗ ነው ብዬ ቀረብኩ። ዓይኗ አይደለም።
ሽፋሽፍቷም አይደለም።
እሱ ነው፤ ትርፉ፣ አምስተኛው፣ ስህተቴ፣
ጭቃ ላይ የቆመ፣ ማንም ያልቆጠረው።

ሙራድ ደወለ፤ «ና ድገመው።»
«ነገ» አልኩት።
ነገ ይዘንባል።